የሳንታ ክሩዝ ጠበል

እኛ ሰዎች ውሃ ዘንድ የምንሄደው ጉዳይ ሲኖረን ነው። ወይ እንቀዳለን፣ ወይ ልብስ እናጥባለን፣ ወይ ከብት እናጠጣለን፣ ወይ እንጠመቃለን። ውሃ ለማየት ብቻ፣ ያውም ማልዶ ተነሥቶ፣ ያውም ትኬት ቆርጦ የሚሄድ ሰው አላውቅም ነበር። ፈረንጅ ግን ይሄዳል። ከአውቶቡስ ይወርድና ውሃው ፊት ቆሞ «ዋው» ይላል፤ ፎቶ ያነሣል፤ ሳይነካው፣ ሳይቀምሰው፣ ፊቱን እንኳ ሳያብስበት ተመልሶ አውቶቡሱ ውስጥ ይገባል። ለምን እንደሄደ ብትጠይቁት «ለማየት» ይላችኋል። ውሃ ታይቶ አይታወቅም እንዴ? ይህን የምለው ፈረንጅን ንቄ አይደለም። ውሃን ቆሞ ማየት ብቻ ምን ያህል ትልቅ ጥበብ እንደሆነ የገባኝ ውሃው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ አሜሪካ፣ ኦክላንድ መሐል ከተማ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ አንድ ወንበርና እኔን ብቻ በምትይዝ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እሠራ ነበር። አገር ቤት ሆነው ሥራህ ምንድን ነው ለሚሉኝ «የትራንስፖርት ዘርፍ ነኝ» እላቸዋለሁ። ሥራው ብዙ ቋንቋ አይፈልግም። ማቆሚያው ሲሞላ ከክፍሌ ወጥቼ እጄን እያወናጨፍኩ «ሎት ፉል! ኖ ስፔስ! ኤግዚት!» እላለሁ፤ ሞልቷል፣ ቦታ የለም፣ በዚያ በኩል ውጣ ማለቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለምደጋግመው አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች በእንቅልፍህም ትለዋለህ ይሉኛል። በተረፈ እንግሊዝኛዬ ደህና ነው፤ ሌላ ሰው እንግሊዝኛ እስካልተናገረኝ ድረስ።

ታዲያ ጽጌ ለእናቷ ስለ እኔ ስትነግር «እንግሊዝኛ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው» አለቻቸው። እኔም አላስተባበልኩም። ሰው ሲያመሰግን ንግግሩን ማቋረጥ ነውር ነው።

ጽጌ ማለት ሳን ሆዜ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከጥፍሬ የማይበልጥ ነገር ላይ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ስትበይድ የምትውል ልጅ ናት። ላገባት ፈለግሁ። እሷም ፈለገች። የቀሩት እናቷ እትዬ አስካለ ብቻ ነበሩ። «ብቻ» የምትለው ቃል ግን አንዳንድ ጊዜ ብቻዋን አትመጣም። እትዬ አስካለ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። መልኬን አልጠሉትም፤ ሥራዬንም አልናቁትም። የቸገራቸው ሌላ ነገር ነው፤ የማን ልጅ ነኝ?

አገር ቤት ቢሆን ሰው ይላካል፣ ይጠየቃል፣ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ኦክላንድ ውስጥ ማን ይጠየቃል? ይባስ ብሎ አባቴ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበር። እኔ አንዱ ካምፕ ተወልጄ፣ ሌላው ካምፕ ክርስትና ተነሥቼ፣ ፊደል የቆጠርኩት ደግሞ ሌላ ካምፕ ነው። ጎረቤቶቻችን ግሬደርና ሮለር ነበሩ። መንገዱ ሲያልቅ እኛም ተነሥተን እንሄዳለን፤ እንዲህ ያደገን ልጅ የት አገር ሄደው ይጠይቁለታል? እትዬ አስካለ «ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ። «ቡዳ ይሁን፣ ዛር ይኑርበት፣ በቤታቸው ምን እንዳለ በምን አውቄ ነው ልጄን የምሰጠው? ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» አሉ። ዘሬ እስኪታወቅ ሽማግሌ የሚባል ነገር ደጃቸው ድርሽ እንዳይል በጽጌ በኩል መልእክት ደረሰኝ። እኔ ደግሞ ሽማግሌዎቼን አዘጋጅቼ፣ ታክሲ ነጂዎች ስለሆኑ ከሥራ ፈቃድ አስወስጄ፣ ክራቫት ሁሉ አስገዝቻቸው ነበር።

መላ የፈጠረችው ጽጌ ናት። «መስፍኔ፣ እማዬን አንድ ቀን አዝናናት። አንዴ ካወቀችህ ሺ ዊል ላቭ ዩ» አለችኝ። ራሷ ግን መምጣት አልቻለችም፤ «ሳተርደይ ኦቨርታይም አለኝ፤ ኦፍ ስጡኝ ብዬ አስክ ባደርጋቸው እምቢ አሉ» አለች። ስለዚህ ለእትዬ አስካለና ለእኔ፣ ከኦክላንድ ተነሥቶ ፏፏቴ የሚያሳይ፣ ከዚያ አንድ ታሪካዊ የባሕር ዳር ከተማ አስጎብኝቶ ሲመሽ የሚመልስ፣ አስጎብኚም ያለው የአውቶቡስ ጉዞ ያዝኩ።

ለእትዬ አስካለ በስልክ ነገርኳቸው። ከተራራ ላይ የሚወርድ ውሃ ልናይ ነው አልኳቸው። «የማን ነው?» አሉኝ። ባለቤቱ ማን ነው ያሉኝ መስሎኝ «የመንግሥት ነው» ልል ነበር፤ ምነው ባልኩ። ግን እውቀቴን ላሳይ ብዬ ሰፈሩን ጨምሬ ተናገርኩ። «ቦታው ሳንታ ክሩዝ ይባላል እትዬ፤ በእኛ ቋንቋ ቅዱስ መስቀል ማለት ነው» አልኩ። የነገረኝ አብሮኝ የሚሠራ ሜክሲኳዊ ነው። ዋሸሁ? አልዋሸሁም። ለነገሩ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቅዱስ ያልሆነ ከተማ የት ይገኛል? ሳን ሆዜ ቅዱስ ዮሴፍ ነው። ሳን ፍራንሲስኮም ቅዱስ ነው። ኦክላንድ ብቻ ናት የዛፍ ስም ይዛ የቀረችው፤ እኛም ከዚያ ሁሉ ቅዱስ መካከል መርጠን እሷ ላይ ሰፈርን። እትዬ አስካለ «መስቀል ኃይላችን ነው። እመጣለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉ። በአንድ ስልክ እንዲህ የተሳካለት አማች የለም ብዬ እያፏጨሁ ዋልኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ልወስዳቸው ስሄድ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባዶ የወተት ጋሎኖች በገመድ አሥረው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጋሎኑ ለምን እንደሆነ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ አፌ ውስጥ ዶናት ስለነበረ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ይልቅ ከረጢቱን ዘርግቼ ቁርስ ይቅመሱ አልኳቸው። ጢሜ ላይ ያለውን ስኳር አዩና «አንተ፣ በላህ እንዴ?» አሉኝ። ትንሽ ነው አልኩ። «ጠበል እየሄድክ?» አሉ።

ያኔ ገባኝ። «የማን ነው?» ማለታቸው የማን ታቦት ነው ማለታቸው ኖሯል። ከላይ እስከ ታች ቀዘቀዝኩ፤ በኋላ ከቀዘቀዝኩት ጋር ሲወዳደር ግን ሙቀት ነበር። እውነቱን መናገር ያለብኝ ያኔ ነው፤ ይህ የሽርሽር ውሃ ነው፣ ሰው አይቶት ብቻ ይመለሳል ማለት ነበረብኝ። ግን እንዴት ብዬ? የማን ልጅ መሆኑ ያልታወቀ ሰው ላይ ውሸታም የሚል ሲጨመርበት ምን ይቀረዋል? በዚያ ላይ «አንተ» ያሉኝ ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ነበር። እኛ ዘንድ አማትና አማች የሚነጋገሩት በአንቱታ ነው። አንተ እየተባልክ እስከሆነ ድረስ ገና ደጅ ነህ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህን የተረተው ሰውዬ ጥሩ ሰው ነበር፤ ሳንታ ክሩዝ ግን አልሄደም።

አውቶቡሱ ዘንድ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ጠበቀን። አስጎብኚያችን ሪክ ይባላል። ሪክ ፀጉሩ ትከሻው ላይ የተኛ፣ ጢሙ ደረቱ ድረስ የወረደ፣ አንገቱ ላይ የእንጨት ዶቃ ያንጠለጠለ፣ በባዶ እግሩ ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ እጁ ላይ ረጅም ዘንግ የያዘ ሰው ነው። የዚያ አካባቢ ወጣት ያን ጊዜ እንዲህ ነበር፤ ያየ ሰው አይደነቅም። እትዬ አስካለ ግን ክንዴን ያዝ አድርገው «አጥማቂው ባሕታዊ እኚህ ናቸው?» አሉኝ። «መሪያችን እሳቸው ናቸው» አልኩ። ይህም ውሸት አይደለም። ነጠላቸውን አስተካክለው ከወገባቸው እጅ ነሡ። ሪክ ደስ ብሎት ሁለት መዳፎቹን ገጥሞ ከእሳቸው የባሰ ዝቅ አለ። ትሕትናቸውን አይተው እትዬ አስካለ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሳን ሆዜን አልፈን ተራራውን መውጣት ጀመርን። ሪክ በማይክሮፎን ይናገራል፤ እትዬ አስካለ «ምን አሉ?» ይሉኛል። ጥቂቱን ሰምቼ የቀረውን ከራሴ እሞላለሁ። አስተርጓሚ የሚባል ሁሉ እንዲህ ይመስለኛል፤ ልዩነቱ እነሱ ደመወዝ አላቸው። ሪክ በመስኮት የምናያቸው ግዙፍ ዛፎች ከክርስቶስ ልደት በፊት የበቀሉ አሉባቸው አለ። ይህን በደንብ ስለሰማሁት ሳልሸራርፍ ተረጎምኩት። እትዬ አስካለ «ጌታ ሲወለድ ነበሩ?» ብለው የአውቶቡሱን መስታወት ተሳለሙ። ቀጥሎ ሪክ ብዙ ነገር አለ፤ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ከመንገዱ እንዳትወጡ፣ ውሃው ገና የበረዶ ያህል ይቀዘቅዛል፣ ማንም ሰው እንዳይገባ። እኔ አሳጥሬ «ውሃው ዛሬ ኃይለኛ ነው አሉ» አልኳቸው። «እሰይ» አሉ እትዬ አስካለ።

ከአውቶቡስ ወርደን በጫካው መንገድ ስንጀምር እትዬ አስካለ ጫማቸውን አወለቁ። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት አየቻቸውና አሰብ አድርጋ የራሷን አወለቀች። ከኋላዋ ያሉ ባልና ሚስትም አወለቁ። ሪክ ዞር ብሎ ሲያይ ግማሹ ጎብኚ በባዶ እግሩ ነው፤ ነጠላ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ካለ በኋላ የሥራው ደንብ ትዝ ብሎት መሰለኝ ተወው። በዚህ ዓይነት ከእግዚአብሔር ቤት እንደሚደርስ ሰው ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ፏፏቴው ዘንድ ደረሰ።

ፏፏቴው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል። ከጥቁር ድንጋይ ላይ ነጭ ሆኖ ይወርዳል፤ ሥሩ ላይ ትንሽ ኩሬ አለ። ሰዉ በሙሉ የእንጨቱ መመልከቻ ላይ ቆሞ «ዋው» አለ። እኔም ልል ስል እትዬ አስካለ እጄን ይዘው በጎን በኩል ወደ ታች ወሰዱኝና «ግባ» አሉኝ።

ደህና ነኝ እኮ እትዬ፣ ምንም አላመመኝም አልኩ። እሳቸው ግን ነገሩን ከመምጣታቸው በፊት አስበውበት ኖሯል። «ደህና ከሆንክማ ምን ያስፈራሃል? ዘርህን የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ አጣሁ። እንግዲህ መስቀሉ ይንገረኝ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም። እናት ናቸው፤ ፈርተዋል፤ በማያውቁት አገር ለማያውቁት ሰው ልጃቸውን ሊሰጡ ነው። እንደዚያ ሲሉኝ አዘንኩላቸው፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ነው የወደድኳቸው። ሸሚዜንና ጫማዬን አውልቄ ሰጠኋቸው። ከጮህኩ ጽጌን እንዳጣኋት ገባኝ። ጠበሉ ሲነካው ያደረበት ጋኔን ጮኸ ይባላል፤ ብርዱ ነው ብል ማን ያምነኛል? ከዚህ በፊት ሰይጣን በብርድ ሲያመካኝ የሰማ ስንት ሰው አለ?

ገባሁ። ውሃው አናቴ ላይ ሲወርድብኝ ትንፋሼ ተቋረጠ። ቀጥሎ ጆሮዬ ጠፋ፣ ከዚያ እግሬ፤ ጥርሴን ነክሼ የቀረውን አካሌን ለመጠበቅ ሞከርኩ። እትዬ አስካለ ዳር ቆመው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ! ተናገር! ማን ነህ?» ይላሉ። ብናገር በወደድኩ። አገጬ ግን አልታዘዝ አለኝ። የጽጌን ፊት ለማሰብ ሞከርኩ፤ ፊቷ አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ የመስታወት ክፍሌ ውስጥ ያለችው ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ናት። እሷን እያሰብኩ ቻልኩት።

በዚህ መሐል ሪክ ከላይ አየኝ። «ሰር! ሰር! ጌት አውት!» እያለ ዘንጉን ይዞ ቁልቁል ሮጠ። ጎብኚዎቹ ፎቶ ያነሣሉ። እትዬ አስካለ አጥማቂው ሊያግዙን መጡ ብለው መንገድ ለቀቁለት። ሪክ ድንጋዩ ያዳልጣል ያለውን ራሱ ረስቶት ኖሮ፣ እጁን ሲዘረጋልኝ እግሩ ከዳውና በቁመቱ ኩሬው ውስጥ ገባ። ከዚያ ጮኸ። ያን ጩኸት የሰሙት ዛፎች ከክርስቶስ ልደት ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር የሰሙ አይመስለኝም። ገደሉ መልሶ ጮኸ። እትዬ አስካለ «ለቀቃቸው! እልልልል!» አሉ። ፈረንጆቹም ዝግጅቱ ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ።

እኔ አንዲት ቃል ሳይወጣኝ፣ ሰማያዊ ሆኜ፣ በድል ወጣሁ። እትዬ አስካለ ሸሚዜን ሰጥተውኝ ጋሎኖቻቸውን ሞሉ። ሪክ በትሕትና፣ ግን በማያሻማ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ በኋላ እኔና እሳቸው ከአውቶቡሱ መጨረሻ ወንበር እንዳንነሣ ነገረን። ይህን እትዬ አስካለ ሲጠይቁኝ «እንድናርፍ አሉ» አልኳቸው።

ከዚያ የባሕር ዳሩ ከተማ ገባን። አሮጌ የእንጨት ቤቶች አሉት፤ ባሕሩ ውስጥ ገባ ያለ፣ ዓሣ የሚጠመድበት ረጅም የእንጨት ድልድይ አለው፤ ቁልቋልና ጽጌረዳ የተተከለበት መንገድ አለው። ሪክ ፎጣ ተከናንቦ ታሪኩን ተረከ፤ እኔ ጥርሴ ስለሚንገጫገጭ ትርጉሙ ተቋረጠ። የድሮ የእስፓኝ መነኮሳት የመሠረቱትን ነጭ ቤተ ክርስቲያን ሲያሳየን እትዬ አስካለ መቃኑን ተሳልመው «ይኸው መስቀሉ» አሉ። እኔም ቀና አልኩ። ሰው ሳያውቅ እውነት ሲናገር ከሚሰማው ኩራት የበለጠ ኩራት የለም።

ችግሩ የመጣው ባሕሩ ዳር ነው። እዚያ አንድ የመጫወቻ ቦታ አለ። በእንጨት በተሠራ ተራራ ላይ የተዘረጋ ሐዲድ አለ፤ ሰው የጫነ ጋሪ ቀስ ብሎ አናቱ ላይ ይወጣና ቁልቁል ይወረወራል። የተቀመጡት በሙሉ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ይጮሃሉ። እትዬ አስካለ ቆመው አዩ። «ምን ሆነው ነው?» አሉኝ። ምንም አልሆኑም፣ ለመጮህ ብለው ነው፣ ከፍለው ነው የሚጮሁት አልኳቸው፤ በዚያ ቀን ከተናገርኩት ሁሉ ይሄ ፍጹም እውነት ነው። «ሲወርዱስ ይሻላቸዋል?» አሉ። ሲወርዱ ይስቃሉ አልኩ። «አዎ፣ ሲለቅ እንደሱ ነው» አሉ። ከዚያ ጋሪው ላይ ያሉትን አዩ፤ ወዲያ ማዶ ፎጣ ተከናንቦ ቡና የሚጠጣውን ሪክን አዩ፤ መጨረሻ ላይ እኔን ለረጅም ጊዜ አዩኝ። አድናቆት መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

በማግሥቱ ጽጌ ደወለችልኝ። እኔ ሽማግሌዎቹ ክራቫታቸውን እንዲያስሩ ልነግራቸው ተዘጋጅቼ ነበር። «መስፍኔ፣ ሊስን» አለችኝ፤ ጽጌ «ሊስን» ካለች ደግ ነገር አይከተልም። «እማዬ ዎሪ አድርጋለች። አልጮኸም ትላለች» አለችኝ። አዎ፣ አልጮህኩም፤ ታዲያ ደስ አይላቸውም? አልኳት። «አይ! ባሕታዊው እንኳ ጮኹ ነው የምትለው። ባሕሩ ዳር ያለው ሰው በሙሉ ጮኸ፤ ጮኸና ለቀቀው፤ ሳቀ። እሱ ብቻ ዝም አለ። የሚጮኸው ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው የሚደበቀው ነው። ባሕታዊ ያስጮኸ ውሃ ያላስጮኸው ምን ዓይነት ነገር ቢሆን ነው? ስንት ትውልድ ቢቀመጥበት ነው? ትላለች» አለችኝ። ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው የጮኸው አላልሻቸውም? አልኳት። ብላቸዋለች። «እንግዲያው መስፍን አልበረደውም?» ብለው መለሱላት።



ለማንኛውም ፍርዱ ተሰጠ። ከመጣው ጠበል ላይ እትዬ አስካለ ቤት፣ በእሳቸው እጅ፣ እንድጠመቅ፤ ከዚያ ውጤቱ እንዲታይ። እንግዲህ አሁን መጮህ ግዴታ ሆነ። የሰው ልጅ ዕድሉ ሲጣመም እንዲህ ነው፤ ትናንት ስታፍነው የዋልከውን ጩኸት ዛሬ ተለማመደው ትባላለህ። በሥራ ሰዓት የመስታወት ክፍሌን ዘግቼ ተለማመድኩ። የማይበዛ፣ ጨዋነት ያለው፣ በአማርኛ የሆነ ጩኸት አዘጋጀሁ፤ መጨረሻው ላይ «ለቀቅኩ፣ ሁለተኛ አልመለስም» የምትል ሐረግ ጨመርኩበት። አንድ ደንበኛ መስታወቱን አንኳኩቶ «አር ዩ ኦኬ?» አለኝ። አም ኦኬ አልኩት፤ ትኬቱን ተቀበልኩት።

እሑድ ጠዋት ባዶ ሆዴን ሄድኩ። ቁምጣ ለብሼ የመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ቆምኩ። ጽጌ ፎጣ ይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ ሳቋን ለመያዝ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። እትዬ አስካለ ጋሎኑን ይዘው መጡ። ጋሎኑ ከውጭ በኩል ላብ ያላበው ይመስላል። ልብ አላልኩትም እንጂ፣ ጠበሉ እንዳይበላሽ ብለው ሳምንቱን ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ አቆይተውት ኖሯል።

«በስመ አብ» ብለው አናቴ ላይ ደፉት። ያዘጋጀሁት አማርኛ በሙሉ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ውሃው አከርካሪዬን ይዞ ሲወርድ ከሆዴ የወጣው፣ ቀን የምለው፣ በእንቅልፌ የምለው፣ አጥንቴ ውስጥ የገባው እንግሊዝኛ ነው። እጄን እያወናጨፍኩ «ሎት ፉል! ኖ ስፔስ! ኖ ስፔስ! ኤግዚት! ኤግዚት!» እያልኩ ሕንፃው እስኪያስተጋባ ጮህኩ። ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ።

እትዬ አስካለ ጋሎኑን አቁመው ወደ ጽጌ ዞሩ። «ምን አለ?» አሏት።

እግዜር ይስጣት፣ ጽጌ እንደ እኔ አስተርጓሚ አይደለችም፤ ሳትጨምር ሳትቀንስ «‹ሞልቷል፣ ቦታ የለም፣ ውጣ፣ ውጣ› ነው የሚለው፣ እማዬ» አለቻቸው። በእንግሊዝኛ ነው? አሏት። በእንግሊዝኛ ነው አለች። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው? አሏት። ጽጌ አየችኝ፤ «ጥሩ ነው» አለች።

እትዬ አስካለ ትንሽ አሰቡ። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁት። «ተመስገን» አሉ። «በእንግሊዝኛ ውጣ ካለውማ የያዘው ፈረንጅ ነው። የእኛ ቢሆን አማርኛ መች ይጠፋው ነበር? እዚሁ የለከፈው ነው፤ ከዘሩስ የለበትም።»

ከዚያ ፎጣውን ከጽጌ እጅ ተቀብለው፣ በአክብሮት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው፣ ወደ እኔ ዘረጉልኝ። «እንኩ፣ ይልበሱ እንጂ፤ ብርድ ይመታዎታል» አሉኝ። ይልበሱ ያሉት እኔን ነው። ይመታዎታል የተባልኩት እኔ ነኝ። በአንዲት ፎጣ ከደጅ ወደ ሳሎን ገባሁ፤ ፎጣውን ተከናንቤ ላመሰግናቸው ከገንዳው ስወጣ፣ እትዬ አስካለ ጋሎኑን ከፍ አድርገው የቀረውን ውሃ ለኩና ወደ ፍሪጁ እየሄዱ «ነገም ማልደው ይምጡ። ጠበል ሰባት ቀን ነው» አሉኝ።